የብሬከሩ ችሎት

እቤታችን ውስጥ እውነት የሚናገር አንድ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ብሬከር። ማንም የማይወደውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሰሞኑን በየምሽቱ ይወርዳል። ቤቱ ድርግም ሲል መጀመሪያ የሚሰማው "ማነው የነካው?" የሚለው የባለቤቴ ድምፅ ነው። ቀጥሎ ከየክፍሉ "እኔ አይደለሁም!" ይመጣል። ጨለማ ውስጥ ጥፋተኛ የለም።

እኔም እንደ አባወራ በስልኬ መብራት እየተመራሁ እሄዳለሁ። አነሳዋለሁ። ትንሽ ይቆይና ይወርዳል። ደግሜ አነሳዋለሁ። ማንሳት ጥገና እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሰው ሁሉ እያየኝ እጄን አጣጥፌ ልቁም?

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ይበዛል። ጎረቤታችን ገና በሩን ሳይገባ "የፌዙ ሽቦ ነው" አለ። አማቴ "የዘንድሮ ዕቃ ሁሉ ውሸት ነው" ብለው ፋይሉን ዘጉ። የሚስቴ ወንድም በስልክ፦ "ባለ 16 አምፔር ነው? ባለ 32 አድርገው፤ ሁለተኛ አይወርድም።" እውነቱን ነው፤ አይወርድም። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው በሱ ፈንታ የሚቃጠለው። ብሬከሩ የተቀመጠው ለዚያ ሽቦ ነው። ሌባ አይቶ የጮኸ ውሻ በድንጋይ አይባረርም።

ደህና ጥያቄ የጠየቀኝ አንድ የሙያው ሰው ብቻ ነው። "ወዲያው ነው የሚወርደው ወይስ ቆይቶ?" ለካ ብሬከር ውስጥ ሁለት ጠባይ አለ። አንዱ ቁጡ ነው፤ ሾርት ሲፈጠር ጥቅልል ሽቦው ማግኔት ሆኖ በቅጽበት ይቆርጣል። ሌላው ታጋሽ ነው፤ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ቀጭን ዘንግ፣ ጭነት ሲበዛበት እየሞቀ፣ እየሞቀ ይጎብጥና በመጨረሻ ይለቃል። (ሁለቱን በአንዲት ትንሽ ዕቃ ያጣመራቸው ጀርመናዊው ሁጎ ሽቶትስ ነው፤ በ1924 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። ምነው ለባልና ሚስትም አንድ ነገር ቢፈጥር!) ከረንት ሲያፈስ የሚቆርጠው ሌላ ዓይነት አለ። እሱ የሒሳብ ሹም ነው፤ በወጣውና በተመለሰው መካከል 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለበት ያሽግብሃል።

የኛው ቆይቶ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ችሎት ተቀመጥን። ስፒናው ሁሉ ከየሶኬቱ ተነቀለ። ብሬከሩን አነሳሁት፤ ጸጥ አለ። ከዚያ ተከሳሾቹ አንድ በአንድ ቀረቡ። የኔ ካውያ ሩብ ሰዓት ሠራ፤ ምንም። የአማቴ የውሃ ማፍያ፤ ምንም። የልጄ የክፍል ማሞቂያ፤ ምንም። ሶኬት የሞቀ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሸተተ ቢሆን ኖሮ ችሎቱን በትኜ ባለሙያ እጠራ ነበር። ግን ሁሉም ነጻ ወጡ፤ ባለቤቶቻቸውም ደረታቸውን ነፉ።

"እስቲ አብረው ይቅረቡ" አልኩ። ጥቂት ደቂቃ ቆየ። ቀጭ! ጨለማ።

ስሌቱ ለካ የልጅ ሒሳብ ነው። ካውያው 2000 ዋት፣ ማፍያው 2000፣ ማሞቂያው 1500። ሲደመር 5500። ለ220 ቮልት ሲካፈል 25 አምፔር። ሦስቱም በአንድ መስመር ላይ ነው ያሉት፤ መስመሩ የሚሸከመው 16 ነው። ምስኪኑ ብሬከር ምን ያድርግ?

አሁን ብሬከሩ በር ላይ የተራ ሰሌዳ ተለጥፏል። ድርድሩ ሦስት ምሽት ፈጀ። አማቴ በዕድሜ አንደኛ ሆኑ። ልጄ ብርድ ምክንያት አድርጎ ሁለተኛነትን ወሰደ። የሰሌዳው አርቃቂ እኔ ነኝ፤ ሰዓቱን የሞላችው ግን ባለቤቴ ናት።

ይኸው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኗል። ሸሚዜን ይዤ ቆሜያለሁ። ተራዬ ነው።