ጉዳዩ፦ ወደ ቢሮዬ እንድታስገባኝ ስለመጠየቅ

ለ፦ በሕንፃችን መግቢያ በር በስተቀኝ ለተለጠፍከው ካርድ ማንበቢያ
ባሕር ዳር

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ናፍቆት ያልኩት ለወጉ ነው እንጂ የምጽፍልህ ከፊትህ ቆሜ ነው። ፀሐዩ የሚያዝያ ነው። የዘንባባው ጥላ እስከ ደረጃው አይደርስም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል። አንተ ቀይ ዓይንህን አፍጥጠህ "ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ" ትለኛለህ። ሦስት ጊዜ ጢጥ "አላውቅህም" ማለት እንደሆነ ለምጄዋለሁ።

"አንተ" ማለቴ ንቄህ አይደለም። "እርስዎ" ልልህ ዳድቶኝ ነበር። በዚህ ግቢ ካንተ በላይ ሥልጣን ያለው ማን አለ? ባለፈው ማክሰኞ ዲኑ ራሳቸው ደጅህን ሲጠኑ አይቻለሁ። ግን ገና አራት ወርህ ነው። በአራት ወር አንቱታ ካገኘህ በዓመትህ ምን ልንልህ ነው ብዬ ተውኩት።

የመጣህበትን ቀን አልረሳውም። ሪባን ተቆረጠ። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። ለስላሳ ተከፈተ። ንግግር አድራጊው "ከእንግዲህ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ በሰከንድ እናውቃለን" ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልክድም። ፕሮጀክተራችን ሁለት ጊዜ ተሰርቆብን ስለነበር ነው። በእርግጥ ሁለቱንም ጊዜ በሩ አልተሰበረም፤ በደንበኛ ቁልፍ ነበር የተከፈተው። ይህን ያነሳ ሰው ግን አልነበረም። ዳቦ እየተቆረሰ ማን እንዲህ ያለ ወሬ ያነሳል?

ከዚያ ካርድ ታደለን። ለፎቶው ሁለት ቀን ተሰልፌያለሁ። ፎቶው ላይ የሰው ገንዘብ ይዞ የጠፋ ሰው እመስላለሁ፤ ይሁን። ካርዴ የራሴን ሕንፃ አልከፍት አለ። ቤተ መጻሕፍቱንም አልከፍት አለ። ተስፋ ሳልቆርጥ በየበሩ እየዞርኩ ሞከርኩት። አንድ በር ብቻ አረንጓዴ አበራልኝ። የጄኔሬተሩን ቤት።

አይሲቲ ክፍል ሄድኩ። "ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ" አሉኝ። በነጋታው ተመለስኩ። ሲስተም ነበር፤ ሰውየው ግን አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሲስተሙም ሰውየውም ተገኙና "እዚህ ላይ መምህር ሆነው ነው የተመዘገቡት፣ ምንም ችግር የለውም" ተባልኩ። ችግሩ የለም፤ እኔም ቢሮዬ የለሁም።

ኤሌክትሪካል የሚማር አንድ ልጅ ነው አሠራርህን ያስረዳኝ። ካርዴ ውስጥ ባትሪ የለም ለካ። ውስጡ እንደ ክር የተጠማዘዘ ሽቦና ትንሽዬ ቺፕ ነው ያለው። ሳስጠጋው ጉልበቱን ካንተ ይበደርና ቁጥሩን ይነግርሃል። አንተም ቁጥሩን ወደ ውስጥ ታቀብላለህ። ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ስም ዝርዝሩን አይቶ "ይግባ" ወይም "አይግባ" ይላል። የምትፈርደው አንተ ሳትሆን ከኋላህ ያለው ዝርዝር ነው። ይህን ስሰማ ትንሽ አዘንኩልህ። አንተም እንደኛ በበላይ አካል ታዘህ ነው የምትሠራው።

በሩን የሚይዘው ደግሞ ማግኔት ነው። የተለመደው ዓይነት 600 ፓውንድ ይይዛል አለኝ፤ 270 ኪሎ ግድም ማለት ነው። ሦስት ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጤፍ በለው። እኔን ለመከልከል ይህ ሁሉ ጉልበት ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። ማግኔቱ ግን የሚይዘው መብራት እስካለ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ይለቃል። ሆን ተብሎ ነው፤ እሳት ቢነሳ ሰው ተቆልፎበት እንዳይቀር። ይህን ያሰበውን ሰው ከልቤ አመሰግነዋለሁ።

እንግዲህ መብራት ሲኖር መምህራን ውጭ እንቆማለን። መብራት ሲጠፋ አገር ምድሩ ይገባል። ከዚሁ ከጣና ውኃ የሚነዳው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት አቅም አለው። ጢስ ዓባይም እዚሁ ጎረቤታችን ነው። ሐይቁ ደጅ ተቀምጠን መብራቱ ሳይሰናበተን የሚሄድበት ምክንያት ለሌላ ደብዳቤ ይቆየኝ።

ባለፈው ሐሙስ ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሄደ። ሌላ ቦታ መብራት ሲሄድ ሰው "ኤጭ!" ይላል። አንተ ደጅ ግን እልልታ ቀለጠ። ተጋፍተን ገባን። ሎተሪ አዟሪው ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ተመለሰ። ቆሎ ሻጯ የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ገብታ አንድ አጀንዳ እስኪያልቅ ተቀመጠች። እውነቱን ለመናገር ስብሰባው ከወትሮው ሻል ያለ ነበር።

ከዚያ "ጄኔሬተሩ ይነሳ" ተባለ። የጄኔሬተሩ ቤት ቁልፍ ግን ሌላ ዓይነት ነው። እሱ መብራት ሲጠፋ እንደተቆለፈ ይቀራል፤ ንብረት እንዳይሰረቅ። ጄኔሬተሩ እንዲነሳ በሩ መከፈት አለበት። በሩ እንዲከፈት መብራት መኖር አለበት። መብራት እንዲኖር ጄኔሬተሩ መነሳት አለበት። የብረት ቁልፉን የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል። ድንገት ሁሉም ዞሮ አየኝ። የእኔ ካርድ ያንን በር እንደሚከፍት ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ስቀውብኝ ጠግበው ነበርና። በኩራት ሄጄ ካርዴን አስጠጋሁ። ቀይም የለ፣ አረንጓዴም የለ። ካርዴ ጉልበት የሚበደረው ከማንበቢያው፣ ማንበቢያው ከመብራት። ሁለት ድሆች ተፋጠን ቀረን።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ከአናትህ ላይ "ሌላ ሰው አስከትሎ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በአንድ ካርድ አንድ ሰው። የጻፈው ሰው በር ላይ ከሰው ጋር ተገናኝቶ ያውቃል? እኛ ጋ ሁለት ሰው በር ላይ ከተገናኘ ምን እንደሚሆን ልንገርህ።

"ግባ።"
"ኧረ አንተ ግባ።"
"በሞቴ!"
"እኔ ልሙት አልቀድምም!"

በዚህ መሐል ያንተ አምስት ሰከንድ አልቆ በሩ ጠቅ ይላል። እንደገና ካርድ። እንደገና በሞቴ። ጭራሽ ሦስተኛ ሰው ይመጣና ሰላምታው እንደ አዲስ ይጀመራል።

አንድ ቀን ደግሞ ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መምህር ከዘራቸውን ይዘው ከኋላዬ መጡ። ምን ላድርግ? "ይቅርታ የኔታ፣ ሲስተሙ አይፈቅድም" ብዬ በሩን ፊታቸው ላይ ልዝጋው? ማታ እንዴት ብዬ እተኛለሁ? ደግሞ ስም ይወጣልኛል። "ያ እንኳ፣ በር የዘጋባቸው።" ይህ እስከ ልጅ ልጅ የሚተርፍ ስም ነው። ሲሠሩህ ሁሉን ነገር አስበውልሃል፤ እሳቱን፣ ሌባውን፣ መብራቱን። ይሉኝታን ግን የጨመረልህ የለም።

ለዚህ ነው ግቢው የራሱን መላ የመታው። አንዱ መላ በሩ ሥር የሚሸጎጠው ኮብልስቶን ነው። ከመንገድ ሥራ የተረፈ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ ሲስተም የማይፈልግ። በሩ ተከፍቶ ሲቆይ ትጮህ ነበር፤ አንድ የተማረረ ሰው አፍህን በፕላስተር ለጠፈልህ። እኔ አይደለሁም። የማን ፕላስተር እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ሌላው መላ ጋሼ ጥበቃው ናቸው። ድሮ መታወቂያ እያዩ ያስገቡን ነበር። አሁን አጠገብህ ወንበር ስበው ተቀምጠው፣ አንገታቸው ላይ ባንጠለጠሉት ካርድ ለመጣው ሁሉ ይከፍታሉ። ጢጥ፣ "ግቡ ልጆቼ"። ጢጥ፣ "ግቢ እናቴ"። ስንወጣ ካርድ አያስፈልግም፤ ከውስጥ ቁልፉን መጫን ነው። ስለዚህ ባንተ መዝገብ እሳቸው ቀኑን ሙሉ ይገባሉ፣ አንድ ጊዜም አይወጡም። ሪፖርትህን አምኖ ለሚያነብ ሰው፣ በአሁኑ ሰዓት ሕንፃችን ውስጥ አንድ ሺህ ዘበኛ ተፋፍጎ አለ።

ጎረቤቶችህን እይ እስቲ። ክብራን ገብርኤል ገዳም እዚሁ ማዶ ነው፤ ጀልባ ከያዝክ ሩቅ አይደለም። ሴት አይገባበትም። ሕጉ ስንት ዘመን አልፎታል፣ ጢጥ የሚል ነገር ግን በደሴቱ ላይ የለም። ደስ ባይልህም ለምን እንደማትገባ የሚነግርህ ሰው አለ። አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ለሴቶችም ክፍት ስለሆነ መሄጃ አይጠፋም። አንተ ስትከለክል ግን ምክንያትም የለህ፣ መሄጃም አትጠቁም። ጣና ላይ መታየቱ በፈረንጆቹ 2011 የተነገረለት እንቦጭ ደግሞ፣ "መታወቂያ?" የሚለው ሳያገኝ ገብቶ ስንት ሄክታር አለበሰ። አገሩ ሁሉ በእጁ ሲነቅለው ከረመ። አረም እንኳ ገብቷል እኮ ወንድሜ!

ብዙ አልጠይቅህም። ስትከለክለኝ ምክንያቱን ንገረኝ፤ ኤቲኤም እንኳ ብሩን ሲነፍገኝ ሁለት መስመር ይጽፍልኛል። ወይም ድምፅህን ቀንስ። ሰልፍ ሙሉ ተማሪ እያየኝ "አላውቅህም" ስትለኝ አንድ ጢጥ ይበቃ ነበር።

ዛሬ ኮብልስቶኑም የለም። ከላይ ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ቁጥቋጦ ሥር ተደብቋል። ጋሼ ጥበቃውም ሻይ ሊጠጡ ወጣ ብለው ነበር። እነሆ፣ ያውና እየመጡ ነው።

"ምነው መምህር፣ ፀሐይ ላይ?" አሉኝ። ካርዳቸውን አስጠጉ። ጢጥ። አረንጓዴ።

አንድ ሺህ አንደኛው ዘበኛ ሆኜ ገባሁ።

ከሰላምታ ጋር
(የማይነበብ ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለጄኔሬተር ቤቱ በር፣ እንዲያውቀው
ለጋሼ ጥበቃው፣ ከምስጋና ጋር
ለኮብልስቶኑ፣ ባለበት