ፈንገሱን ከፋብሪካው ቱቦ ሥር አስቀምጡት

የአውሮፓ መድኃኒት አምራቾች ፍርድ ቤት መሄዳቸው አልገረመኝም። ክፈል ሲባል የማይሟገት ማን አለ? የአውሮፓ ኅብረት አዲሱ የከተማ ፍሳሽ መመሪያ፣ የመድኃኒት ቅሪትን ከውሃ ለሚያስወግደው ተጨማሪ ማጣሪያ ቢያንስ 80 በመቶውን ወጪ የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች ይሸፍኑ ይላል። ያንገበገበኝ ከክሱ ጋር ተያይዞ የሚሰማው ወሬ ነው። “አንቲባዮቲኩ ወንዝ የሚገባው በሕመምተኛው ሽንት ነው። ደግሞስ ፈንገስና ባክቴሪያ በርካሽ ያጸዱት የለም እንዴ?”

ዓይንን በጨው መታጠብ ይሏል ይህ ነው። ሕንድ ውስጥ፣ ሃይደራባድ አጠገብ ፓታንቼሩ፣ የ90 ያህል መድኃኒት አምራቾችን ፍሳሽ የሚቀበል ማጣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ በሆነ ልኬት፣ ከዚያ “ተጣርቶ” በወጣ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ተገኘ። መድኃኒቱን እየወሰደ ባለ ሰው ደም ውስጥ እንኳ ይህን ያህል የለም። ይህንንም በሽተኛው ሸናው በሉና!

እዚያ እኮ ባክቴሪያም ሥራ ላይ ነበር። ምን ሆነ? መድኃኒቱን ተላመደው። በማጣሪያው ውስጥ ብዙ ዓይነት አንቲባዮቲክ የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ተገኙ።

ፈንገስ ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ጫካ ውስጥ የወደቀ ግንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነጥቶ፣ በጣት ሲነኩት እንደ ጥጥ ክር የሚበጣጠስ። የእንጨቱን ማጠንከሪያ፣ ሊግኒንን፣ የበላው እንደ ትራሜተስ ቨርሲኮለር ያለ ፈንገስ ነው። ሊግኒን ወጥ ቅርጽ ስለሌለው ፈንገሱ የሚረጨው ላኬዝ የተባለ ኢንዛይም ብዙ አይመርጥም፤ ቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክም ያፈርሳል። አብዛኛው አንቲባዮቲክ የሚያነጣጥረው የባክቴሪያን ግድግዳና ፕሮቲን መሥሪያ ስለሆነ፣ ፈንገሱን ብዙም አይነካውም። መርዙ ለእሱ መርዝ አይደለም።

ታዲያ ይህን ፈንገስ የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ እንጨምረው? ውሃ ወቀጣ ነው! ፈንገሱ ዝግተኛ ነው፤ ፒኤች 4.5 አካባቢ የሆነ አሲዳማ ውሃ ይወዳል፤ ቀናትም ይፈልጋል። የከተማ ፍሳሽ ደግሞ ጎርፍ ነው፤ መድኃኒቱ ቀጥኖበታል፣ ባክቴሪያው ተርመስምሶበታል፣ ፈንገሱንም ተሻምቶ ያስርበዋል። ፋብሪካው ቱቦ ሥር ግን ውሃው ጥቂት፣ መድኃኒቱ ወፍራም ነው። አሲዱን ማስተካከል፣ ታንክ ውስጥ ቀናት ማቆየት ይቻላል። የተሰባበረው መድኃኒት ኃይሉ መሞቱ ይፈተሽ፤ ከዚያ የተረፈውን ቆሻሻ ባክቴሪያ ይብላው። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ጊዜ መግዣ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ለአንቲባዮቲክ ፋብሪካዎች ፍሳሽ መመሪያ አውጥቷል። አያስገድድም። ለጠበቃ ከሚከፈለው ላይ ለታንኩ ቢቆረጥ፣ ዛሬ ስለ በሽተኛው ሽንት ባልተከራከርን ነበር።