ካርዱ አንድ፣ ክፍያው አስር

ለንደን ውስጥ እያንዳንዱ የሐበሻ ዘመድ አዝማድ አንድ ባለ ካርድ አለው። ክርስትናው ሮም ይሁን ሰርጉ ፍራንክፈርት፣ የሁሉንም ቲኬት የሚቆርጠው እሱ ነው። ለምን እሱ? ክሬዲት ካርድ አለው፤ ኮምፒውተር ይችላል፤ እምቢ ማለት አይችልም። ዋናው መስፈርት ሦስተኛው ነው። የቀረነው ድርሻችንን በካሽ እንሰጠዋለን። ትዝ ካለን።

ድሮ፣ ርካሽ በረራ ገና ሲያስደንቀን፣ የአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ «9 ፓውንድ» ተብሎ ይወጣ ነበር። እትዬ ሶፋው ላይ ሆነው «ዘጠኝ! ከታክሲ ይረክሳል እኮ! ቁረጠው!» ይላሉ። ባለ ካርዱ ስም ይሞላል። ሻንጣ የለንም ይላል (በርበሬው የት እንደሚገባ ያኔ አይወራም)። ኢንሹራንስ አንፈልግም፣ መኪና አንከራይም ይላል። ሁሉንም እምቢ ብሎ ሲጨርስ የካርድ ክፍያ፣ ማለትም በካርድ ስለከፈለ ብቻ የምትጨመር ክፍያ፣ ብቅ ትላለች። በ2012 አካባቢ ራያንኤር የሚባለው የርካሽ በረራ ድርጅት በአንድ ሰው፣ በአንድ በረራ 6 ፓውንድ ይጠይቅ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) አምስት ሰው ደርሶ መልስ ሲሄድ 60 ፓውንድ ማለት ነው። ካርዱ አንድ ነው፤ ቁጥሩም የተጻፈው አንዴ ነው። ክፍያው ግን በነፍስ ወከፍ ነው። የካርድን ነገር የማያውቅ የሦስት ዓመት ልጅ እንኳ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ይከፍላል።

ቀዳዳ ነበረች። ራያንኤር አንድ ሰሞን ቪዛ ኤሌክትሮን በምትባል ካርድ ለሚከፍል ሰው ይህን ክፍያ አይጠይቅም ነበር። ያቺ ካርድ ያለችው ሰው ያኔ ማኅበር ላይ ከቄሱ ቀጥሎ ይቀመጥ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። በኋላ ምሕረቱ ወደ ሌላ ዓይነት ካርድ ተዛወረ። ሰዉም ተከትሎ ሮጠ። የድርጅቱ አለቃ ማይክል ኦሊሪ እኮ በ2009 አውሮፕላን ላይ ሽንት ቤት ለመግባት አንድ ፓውንድ ስለማስከፈል በአደባባይ ያወሩ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ይሉኝታ መጠበቅ የዋህነት ነው።

መንግሥትም ዘግይቶ ነቃ። በ2013 ካርዱ ከሚያስወጣው ትክክለኛ ወጪ በላይ መጠየቅ ተከለከለ። ከጃንዋሪ 13 ቀን 2018 ጀምሮ ደግሞ በግል ካርድ ላይ ጭማሪ መጠየቅ ጭራሽ ቀረ። እልል አልን።

ክፍያዋ ግን ቤት ቀየረች እንጂ አልሞተችም። አሁን ምንዛሪ ውስጥ ትኖራለች። ከሮም የሚነሳው በረራ ዋጋው በዩሮ ነው፤ የባለ ካርዱ ካርድ ደግሞ የፓውንድ። ገጹ ሳይጠየቅ ወደ ፓውንድ ይለውጥለታል። ተመኑን ያወጣው ገጹ፣ የ«እሺ» ምልክቷንም ያደረገው ገጹ። «ተው፣ በዩሮ ልክፈል» ቢል ብዙ ባንኮች ሦስት በመቶ ገደማ ይወስዳሉ።

ባለፈው ባለ ካርዱ መረረውና አቤት ሊል ተነሳ። አየር መንገዱ የሚያነሳ ስልክ የለውም፤ የሚጻጻፍ ሮቦት ግን አለው። አስተዳደጉ አልለቀው ብሎ «እንደምን ዋልክ?» ብሎ ጀመረ። ሮቦቱ «ጥያቄዎን አልተረዳሁም» አለ። ስለ ምንዛሪው ሲጠይቀው ደግሞ መቀመጫ ምረጥ አለው።

ወደ ባንኩ ዞረ። እዚህ አገር ለክሬዲት ካርድ ተጠቃሚ የሚቆም ሕግ አለ። የወጣው በ1974 ነው። እኛ ጃንሆይን ስናወርድ እንግሊዞች ስለ ዱቤ ሕግ እያወጡ ነበር፤ እንግዲህ ሰው እንደየችግሩ ነው። አንቀጽ 75 ገዢውን የሚጠብቀው ግን የዕቃው ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ፣ እስከ 30,000 ሲሆን ነው። የሱ ቲኬት መቶ የት ይሞላል! ርካሽ መግዛቱ ራሱ ከሕጉ ጥላ አስወጣው። በባንኩ በኩል ገንዘብ ማስመለሻ ሌላ መንገድም አለ። ባንኩ ግን «ምንዛሪውን ተቀብለው አይደል የከፈሉት?» አለው።

ይሄ ሁሉ ታዲያ ቀላሉ ክርክር ነው። ከባዱ ሳሎን ውስጥ ነው። ከሮቦት ጋር ሲሟገቱ ማንም አያዝንም፣ ማንም «ያሳደግኩት ልጅ!» አይልም። እትዬን ጭማሪ መጠየቅ ግን ማን ይደፍራል? ሻዩን ጠጣ፤ ደግሞ ጠጣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ ያ ቲኬት... ትንሽ ጭማሪ መጥቶበታል።»

«የምን ጭማሪ? ሠላሳ ፓውንድ ብለኸኝ አልነበር?»

«ነበር። በኋላ በካርዱ ሲከፈል...»

«በካርዱ!» እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው አዘኑለት። ከቦርሳቸው አምስት ፓውንድ አውጥተው በእጁ ጨበጡለት። «አትቀየመኝና ልጄ፣ ያንተ ካርድ ውድ ነው መሰለኝ። ለፋሲካው በጎረቤቴ ልጅ ካርድ ይቆረጥ፣ እሱ ርካሽ አለው አሉ።»

ባለ ካርዱ ጉልበታቸውን ሊስም ምንም አልቀረው።