ከሚያሠቃይ አራት እግር ሦስቱ ይሻላል

በውሻው ወይም በድመቷ እግር ላይ የአጥንት ካንሰር መኖሩ ሲነገር ብዙ ባለቤቶች «እግሩ ከሚቆረጥስ ይሙት» ይላሉ። ከርኅራኄ የሚመጣ ቃል ነው፤ እንስሳውን ግን ለማያባራ ሥቃይ ይዳርገዋል። ካንሰሩ አጥንቱን ከውስጥ ስለሚበላው ከሶፋ ሲወርድ እንኳ ሊሰበር ይችላል፤ ያ ስብራት ደግሞ በጄሶ አይድንም።

በውሻም በድመትም በብዛት የሚታየው የአጥንት ካንሰር ኦስቲኦሳርኮማ ይባላል። ከ15 ኪሎ በታች በሆኑ ውሾች ላይ ብዙም ስለማይታይ የእነሱ ማንከስ «ወለምታ ነው» እየተባለ ሳምንታት ያልፋሉ። ሁለት ሳምንት ያነከሰ፣ እግሩ ላይ ጠጣር እብጠት ያለበት እንስሳ ራጅ ይነሣ። እግሩ ከሁለት አቅጣጫ፣ ደረቱ ከሦስት። የአጥንት ኢንፌክሽንም በራጅ ላይ ካንሰር ሊመስል ስለሚችል ከእብጠቱ መሀል በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። የደረቱ ራጅ ንጹሕ መሆን ብቻውን አያረጋጋም፤ በአብዛኞቹ ውሾች ራጅ የማያሳያቸው የካንሰር ሴሎች ቀድመው ሳንባ ደርሰዋል።

የፊት እግር የሚወጣው ከትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት ጋር ነው፣ የኋላው ከዳሌው መገጣጠሚያ። ነርቮቹ ከመቆረጣቸው በፊት በማደንዘዣ መያዝ አለባቸው፤ ይህ ከተዘለለ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሕመሙ ይበረታል። አብዛኞቹ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቆመው ይራመዳሉ፣ ስፌቱም ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ይወጣል። የሚያስቸግራቸው ሌላ ነው፦ የሚያንሸራትት ወለል (ምንጣፍ ይነጠፍለት)፣ ውፍረት፣ የቀሩት እግሮች የቆየ የመገጣጠሚያ ሕመም። የመጨረሻው ከቀዶ ጥገናው በፊት መመርመር አለበት።

ውሻና ድመት እዚህ ላይ ይለያያሉ። ውሻው እግሩ ብቻ ከተቆረጠ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው ከ4 እስከ 5 ወር ነው፤ ካርቦፕላቲን የተባለ የኬሞቴራፒ (የካንሰር) መድኃኒት ሲጨመር ወደ 10 ወይም 12 ወር ይደርሳል፣ ከአምስቱ አንዱ ያህልም ሁለት ዓመት ያልፋል። በድመት እግር ላይ የወጣው ግን እምብዛም አይሰራጭም፤ ብዙዎቹ ያለ ኬሞቴራፒ፣ በቀዶ ጥገና ብቻ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ይኖራሉ። ስለዚህ የድመትን ቀዶ ጥገና ማዘግየት ፈጽሞ ልቀበለው የማልችለው ስሕተት ነው።

ካርቦፕላቲን ለውሻ በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 300 ሚሊ ግራም ያህል በደም ሥር፣ በየሦስት ሳምንቱ፣ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይሰጣል። በዚህ ስሌት ትናንሽ ውሾች ከአቅማቸው በላይ ሊወስዱ ስለሚችሉ መጠኑ ይቀነስላቸዋል። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም ይመርመር። ነጭ የደም ሴል በውሻ ከ10 እስከ 14 ቀን ገደማ ዝቅ ይላል፣ በድመት ይዘገያል፤ በዚያ ሰሞን ትኩሳት ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። ከመድኃኒቱ በኋላ ለሦስት ቀን ሽንትና ዐይነ ምድሩ በጓንት ይጠረግ። ሲስፕላቲን የተባለው ሌላ የካንሰር መድኃኒት ለድመት ፈጽሞ አይሰጥም፤ ሳንባዋን በፈሳሽ ሞልቶ ይገድላታል።

ቀዶ ጥገና የማይቻል ከሆነ ሥቃዩን በበርካታ መንገድ መያዝ ያስፈልጋል። ለውሻ ሜሎክሲካም የተባለ ማስታገሻ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በቀን 0.1፤ ከእሱ ጋር ጋባፔንቲን የተባለ የነርቭ ሕመም ማስታገሻ። ፓሚድሮኔት የተባለ መድኃኒት የአጥንቱን መበላት ያዘገያል፤ በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም፣ ግሉኮስ እንደሚሰጠው በደም ሥር፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ በቀስታ እየተንጠባጠበ፣ በየአራት ሳምንቱ። ኩላሊቱ አስቀድሞ ይታይ። የጨረር ሕክምና ባለበት አገር ጥቂት ዙሮች አብዛኞቹን ለሁለት እስከ አራት ወር ያሳርፋሉ። ሕመሙ ሲለቀው መሮጥ የጀመረ ውሻ ግን የተበላውን አጥንት ይሰብረዋል፤ ስለዚህ በገመድ ይያዝ፣ ደረጃም አይውጣ።

ከቤት መድኃኒት ሳጥን ምንም አይሰጠው። አንድ የፓራሲታሞል ኪኒን ድመት ሊገድል ይችላል፤ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ሜሎክሲካምን ፕሬድኒሶሎን ከተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ጋር መስጠትም ጨጓራ እስከ መብሳት ሊያደርስ ይችላል።

ማስታገሻው ሁሉ እየተሰጠው ሌሊት እንቅልፍ ካጣ፣ የሚወደውን ምግብ ከተወ፣ ሲነኩት ከጮኸ መድኃኒቱ አልበቃውም። ያኔ በሐኪም እጅ፣ በማደንዘዣ፣ ያለ ጣር እንዲያርፍ መወሰን ይገባል፤ ያውም አጥንቱ ሳይሰበር።