ጌታም እኮ አልቅሷል

«አማኝ ለሞተበት ሰው ማልቀሱ የእምነት ማነስ ነው» የሚለው ሐሳብ ለእኔ አልተዋጠልኝም። እናቴ ያረፈች ጊዜ፣ ገና ድንኳኑ ሳይነሳ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም መጥቶ «እምነትሽ የት ሄደ? እናትሽ እኮ ጌታ ጋ ናቸው» አለኝ። አፍሬ እንባዬን ዋጥኩት፤ ከዚያ ለወራት አልወጣ አለኝ። ያጽናኑኝስ ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ፍራሹ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው አብረውኝ አነቡ።

ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ሁሌ ይጠቀሳል። እሱ ግን ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ አለ እንጂ ጭራሽ አትዘኑ አላለም። ጌታስ ቢሆን አልዓዛርን ሊያስነሳው እንደሆነ እያወቀ አልቅሶ የለ? መዝሙር 88ን አንብቡት (በግዕዙ ዳዊት 87 ነው)። እሮሮ በእሮሮ ነው፣ ሌሎቹ ብዙ የእሮሮ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ሲዞሩ ይሄ አይዞርም፣ ግን ጸሎት ነው፣ ማንም ከመጽሐፉ አልሰረዘውም።

እኛ ጋ እሁድ ጠዋት ጭብጨባና እልልታ ብቻ ነው። ደስ ይላል፣ አልጠላሁም። ትናንት ልጁን የቀበረው ሰውዬ ግን የት ጋ ይቀመጥ?