ሞክሼ ፊደላት በር ላይ ይጠቃለሉ ወይስ እንደተጻፉ ይግቡ? ክርክር

ነገሩ የተነሳው ከአንድ ኮድ ነው። በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በሰበታ ላሉ እድሮች የአባላት መዝገብ የሚይዝ ሶፍትዌር አለ፤ በፓይተን የተጻፈ። ሁለት ሰዎች ይሠሩበታል። አንዷ ኮዬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ወጣት ፕሮግራመር ናት። ሌላው ሰበታ የሚኖሩ፣ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ሳይመጣ ጀምሮ አማርኛን በኮምፒውተር ሲጽፉና ሲያጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። እሷ አንድ ለውጥ አቀረበች፦ ማንኛውም ጽሑፍ ሲገባ ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ፊደላት በባይት የሚቀመጡበት መንገድ፤ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው) መሆኑ ይረጋገጥ፣ የማይነበብ ባይት ያለበት ፋይል ይመለስ፣ ሞክሼ ፊደላትም እዚያው በር ላይ ይጠቃለሉ። ሐ እና ኀ (ሃ፣ ሓና ኃም ጭምር) ሀ ይሁኑ፣ ሠ ሰ ይሁን፣ ዐ አ ይሁን፣ ፀ ጸ ይሁን። እሳቸው አይሆንም አሉ። በቃል ሲጨቃጨቁ ስለማያልቅ በጽሑፍ ይሁን ተባለ።

ከኮዬ ፈጬ፦

ጋሼ፣ ከኮዱ ልጀምር። እርስዎ ያውቁታል፣ ለሌላው አንባቢ ነው። ስትሪንግ (ኮዱ የሚይዘው ጽሑፍ) የማይለዋወጥበት ፋይል የለንም። እዚህ ከባይት ወደ ጽሑፍ፣ እዚያ ከጽሑፍ ወደ ባይት፣ አንዳንድ ቦታ ሁለቱም በአንድ መስመር ላይ፤ ለምን እንደሆነ የሚናገር አንዲት ኮሜንት እንኳ የለም። ማን ጻፈው አልልም። ፋይል ሲከፈት ኢንኮዲንጉ (የትኛው ባይት የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚወስነው ሰንጠረዥ) አይጠቀስም፣ ስለዚህ ፓይተን የኮምፒውተሩን ልማድ ይከተላል፦ ሰርቨሩ ሊኑክስ ስለሆነ ዩቲኤፍ-8፣ የእድሩ ጸሐፊ ላፕቶፕ በእንግሊዝኛ የተጫነ ዊንዶውስ ስለሆነ ደግሞ ለላቲን ፊደል የተሠራው ዊንዶውስ 1252። ያው አንድ ፋይል ሁለት ቦታ ሁለት ነገር ሆኖ ይነበባል።

በጣም ያበሸቀኝ ግን «የማይነበብ ካለ ዝለለው» የሚለው ቅንብር ነው። ምን እንደሚሠራ ቀርባችሁ እዩት። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል። «ም» ለምሳሌ 225፣ 136፣ 157 ነው። ዊንዶውስ 1252 ውስጥ ደግሞ ምንም ፊደል ያልተመደበላቸው አምስት ቁጥሮች አሉ፦ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157። ስለዚህ የ«ም» ሦስተኛ ባይት ይዘለላል፣ የቀሩት ሁለቱ ወደ ዩቲኤፍ-8 ሲመለሱ ሙሉ ፊደል ስለማይሆኑ እነሱም ይዘለላሉ። ዓለም የተባለው ሰው ዓለ ሆኖ ቁጭ ይላል። «ል» 141 ላይ ያልቃል፣ «ነ» 144 ላይ፣ «ው» እና «ግ» 141 ላይ። የፈ፣ የፀ እና የፐ ቤት ልጆች ደግሞ መካከለኛ ባይታቸው ራሱ 141 ስለሆነ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሙልጭ ይላሉ፤ አራት ነጥብም አብሮ። ፋሲል ብለህ ብታስገባ የሚተርፍህ ሲ ብቻ ነው። ስህተት የሚል መልእክት የለ፣ ሎግ የለ፣ ምንም የለ።

ስለዚህ በር አንድ ይሁን ነው የምለው። ከበሩ ወዲያ ባይት፣ ከበሩ ወዲህ ጽሑፍ። ያልተነበበ ይመለስ።

ወደ ሞክሼዎቹ ስንመጣ፣ ሰው ሞቶ ድንኳን ተተክሏል እንበል። ጸሐፊው ስልኩን አውጥቶ «ፀሐይ» ብሎ ይፈልጋል፣ መዝገቡ ላይ ያለችው «ጸሃይ» ናት። ሲስተሙ «አልተገኘም» ይላል። ቤተሰቡ አጠገቡ ቆሟል። ይህን አንድ ስም በሁለቱ ጸዎችና በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ብቻ ብንቆጥረው በ12 ዓይነት ይጻፋል። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን (አንድን ጽሑፍ ወደ አንድ ወጥ አጻጻፍ የሚያመጣው ሥርዓት) ያስተካክለዋል ብሎ የሚጠብቅ ካለ አይጠብቅ፤ ለዩኒኮድ እነዚህ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ አይነካቸውም። እኛ ካልጠቀለልናቸው ማንም አይጠቀልልልንም።

ከሰበታ፦

ልጄ፣ በሩ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። «ዝለለው» የሚለውን ዛሬውኑ አጥፊው፣ ማንም አያለቅስለትም።

ይመለስ ያልሽው ግን ለማን ነው የሚመለሰው? የእኛ ሰፈር እድር ጸሐፊ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግል ጡረተኛ ነው። «ባይት 157 አልተነበበም» ብለሽ ብትልኪለት ምን ያድርግ? ፋይሉ ይግባ፣ ግን ለብቻው ይቀመጥ፣ እኛ እንየው። ዋናው ቅጂ፣ ልክ እንደመጣው፣ ባይቱ ሳይነካ መቀመጥ አለበት።

ይሄን የምለው በከንቱ አይደለም። የእድሮቹ የቆየ መዝገብ በ1990ዎቹ በዎርድ የተጻፈ ነው፣ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንቶች። ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በቨርዥን 3.0 ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዘዴ የላቲን ፊደል ቁጥር ላይ የአማርኛ ሥዕል ማስቀመጥ ነበር፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ኮድ የላቲን ነው፣ ዓይንሽ የሚያየው ግን ለ ነው። ፎንቱን ስታነሽው ዝብርቅርቅ ያለ ላቲን ይቀራል። አንዱ ፎንት ለን ያስቀመጠበት ቦታ ሌላው ጋ ሌላ ፊደል ነው።

እንግዲህ ይሄ ፋይል ወደ ተራ ጽሑፍ ሲገለበጥ ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 ነው። አንድም የተበላሸ ባይት የለውም። በርሽ እጅ ነስቶ ያስገባዋል! የማጠቃለያ ሰንጠረዥሽም አማርኛ ስለማያይ ዝም ይላል። ተራ ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ የፎንቱ ስም ይጠፋል፤ ከእንግዲህ የትኛው ላቲን የእውነት ላቲን እንደሆነ፣ የትኛው አማርኛ እንደነበረ ከራሱ ከጽሑፉ ብቻ አታውቂም። ዋናውን የዎርድ ፋይል ካላስቀመጥሽ መመለሻ የለሽም።

አሁን ወደ ስሙ። ሰው የእድሩን ማስረጃ ይዞ ወረዳ ይሄዳል። መታወቂያው ላይ ፀሐይ የሚል ሰው ከእኛ ጸሀይ የሚል ወረቀት ይዞ ሲቀርብ የሚሉትን ታውቂያለሽ። አንቺ ሞክሼ ያልሻቸው ደግሞ ለሁሉም ሞክሼ አይደሉም፤ በትግርኛ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ ድምፃቸው ሌላ ሌላ ነው። ሰንጠረዥሽን አይቼዋለሁ፣ ዸ ወደ ደ ተቀይሯል። ይሄ የኦሮሞ ስም የሚጻፍበት ፊደል ነው፣ ሰበታ ቁጭ ብለሽ ደ አድርጊው ልትይኝ? ለጉራጌኛ የተጨመሩ ፊደላትም እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒኮድ 14 ላይ ገብተዋል፤ እነሱ 4 ባይት ናቸው፣ 225 ላይም አይጀምሩም። የመረጃ ቋቱ የማይኤስኪውኤል የድሮው «ዩቲኤፍ8» ከ3 ባይት በላይ አይዝም፣ እሱንም ከአሁኑ አስቢበት።

ሌላው ወ/ን ዘርግቶ ወልደ የሚያደርገው ፋንክሽንሽ ነው። ወ/ ወለተም ሊሆን ይችላል። ሴትዮዋን ወንድ አደረግሻት።

አንዴ ሀ ከሆነ በኋላ ከሐ ይምጣ ከኀ ማን ያውቃል? ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጥ። ጎኑ ላይ የተጠቃለለ የመፈለጊያ ቁልፍ አድርጊ፣ ፍለጋው በሱ ይሂድ።

ከኮዬ ፈጬ፦

የወለተውን ተቀብያለሁ፣ ፋንክሽኑ ይውጣ። ዸም ይውጣ።

የመፈለጊያ ቁልፍ የሚሉትን ግን ወረቀት ላይ ነው የማምነው። ጋሼ፣ ኮድ የሚጽፈው እኔና እርስዎ ብቻ አይደለንም። ነገ አንድ ልጅ ይቀጠራል፣ የወር መዋጮ ሪፖርት ጻፍ ይባላል፣ ስምን ከስም ጋር በእኩል ይሆናል ምልክት ያወዳድራል፣ ቁልፉን ማን ነግሮት? አሁንም እኮ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አባል የሚፈልገው ኮድ ጥሬውን ስም ነው የሚያየው። አንድ ሰው በኃይሉ ተብሎ አንዴ፣ በሀይሉ ተብሎ አንዴ ይከፍላል፣ ወይም ባንዱ ይከፍልና በሌላው ዕዳ ይቆጠርበታል። በር ላይ ካጠቃለልኩት ግን ማንም ምንም ማስታወስ የለበትም። ለወረዳው ደብዳቤ ካስፈለገ ስሙ ከመታወቂያው ላይ ይገልበጥ። አባሉን ከአባሉ የሚለየው የአባልነት ቁጥሩ እንጂ ስሙ አይደለም።

የድሮ ፎንቶቹን በተመለከተ ትክክል ነዎት፣ በሩ አይይዛቸውም። ግን መያዝ ይቻላል። የስም ዓምድ ውስጥ አንድም የግዕዝ ፊደል ከሌለ ፋይሉ ይቁም። አለቀ።

በነገራችን ላይ አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመቱ የሚጽፉትንም በር ላይ ማስተካከሌን አልተውም፤ ፡፡ እና ። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለኮዱ ግን አይደሉም። መዋጮ በግዕዝ ቁጥር የሚጽፉ አዛውንትም አሉን። ፓይተን ፭ን «አሃዝ ነህ ወይ» ሲሉት አዎ ይላል፣ ወደ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ቀይር ሲሉት ስህተት ብሎ ይወድቃል። እነዚህን ሁሉ ጎን ላይ ባለ ቁልፍ ልንፈታቸው ነው?

ከሰበታ፦

አራት ነጥቡንና ቁጥሩን ውሰጂ። የሰው ስም ውስጥ አራት ነጥብ የለም።

«አንድም የግዕዝ ፊደል ከሌለ ይቁም» ያልሽው ግን ኮዬ ሆነሽ መሆኑ ገርሞኛል። ጎረቤቶችሽ ስማቸውን በምን ነው የሚጽፉት? በቁቤ የተጻፈ መዝገብ ሙሉ በሙሉ ላቲን ነው፣ ሙሉ በሙሉም ትክክል ነው። ያንቺ ዘበኛ የድሮ ፎንት ነው ብሎ ያቆመዋል። ሁዻውም፣ በቁቤ የሚጻፈው የአፖስትሮፍ ምልክት፣ አለ፤ አንዱ ጸሐፊ ቀጥ ያለውን ምልክት ይመታል፣ የሌላው ስልክ የተጠማዘዘውን ያስገባል፣ ሁለቱ በዩኒኮድ የተለያዩ ናቸው። እንግዲህ የትኛውን ወደ የትኛው ልታጠቃልይ ነው? ባለቤቱን ሳትጠይቂ?

መውጫውን ደግሞ እስካሁን አላነሳሽውም፤ ስለ መግቢያ ብቻ ነው የምታወሪው። ለባንክ የምንልከው ፋይል ለስም 60 ባይት ነው የሚፈቅደው። ፊደል አላልኩም፣ ባይት። ወልደገብርኤል ተክለሃይማኖት ገብረመስቀል የሚል ስም ውሰጂና ቁጠሪ፦ ሁለቱ ስሞች ከነክፍተታቸው 50 ባይት፣ ከዚያ ገብረ 9፣ የቀረው አንድ ባይት ነው። ኮዳችን 60ኛው ላይ ይቆርጠዋል። መጨረሻ ላይ የ«መ» የመጀመሪያ ባይት ብቻዋን፣ 225፣ ተንጠልጥላ ትቀራለች፣ ባንኩ ፋይሉን እንዳለ ይመልሰዋል። አንዲት ባይት ስንት ሰው እንዳስመለሰች አስቢው። ጽሑፉን በፊደል ቆርጠሽ ነው ወደ ባይት መቀየር፣ መጀመሪያ ቀይረሽ ከዚያ መቁረጥ አይደለም። ለነገሩ ደግሞ ስሙን ጭራሽ አለመቁረጥ ይሻላል፣ የአባልነት ቁጥሩን ጨምረሽ ላኪ፤ ራስሽ ነሽ ያልሽው።

ከኮዬ ፈጬ፦

መውጫውን በዚያው ሳምንት አስተካክለዋለሁ፣ በፊደል ይቆረጣል። የቀብር ማሳወቂያ ኤስኤምኤስም እዚያው ይግባ፤ በላቲን 160 የሚይዘው መልእክት በአማርኛ 70 ፊደል ብቻ ነው፣ ካለፈ 67 እየሆነ ይከፋፈላል፣ እድሩ ለያንዳንዱ ይከፍላል። በላቲን እንጻፈው ብዬ ነበር፣ መልስዎን አውቀዋለሁ፣ ይቅር። ጽሑፉን ማሳጠር ነው ያለብን። የቀብሩ ቦታና ሰዓት፣ በቃ።

የቁቤው ነገር ከበደኝ። የቁቤውን ላቲን ከድሮ ፎንቱ ላቲን በኮድ መለየት እሞክራለሁ፣ ግን በእርግጠኝነት እለያለሁ ብዬ አልዋሽም። ስለዚህ ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጥ፣ እሺ። ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ስም ተራ ስትሪንግ ሆኖ በኮዱ ውስጥ አይዞርም። ለስም የራሱ ክላስ (የራሱ ሕግ ያለው የመረጃ ዓይነት) እጽፋለሁ፤ ማንም በእኩል ይሆናል ሊያወዳድረው ሲሞክር ስህተት ብሎ ይወድቅበታል፣ «በቁልፉ አወዳድር» ይለዋል። ቁልፉን ክላሱ ራሱ ይሠራዋል፣ ጥሬው ስም በተቀየረ ቁጥር። ያኔ አዲሱ ልጅ ቢረሳም ቴስቱ (ኮዱን የሚፈትሸው ኮድ) አይረሳም። ይሄ ካልሆነ ወደ መጀመሪያው ሐሳቤ እመለሳለሁ።

ከሰበታ፦

ይሁን። ቴስቱ ውስጥ ግን አበበ እና ከበደ ብቻ እንዳትከቺ። ፋሲል ይግባ፣ ዓለም ይግባ፣ ፀሐይ በ12ቱም ይግባ፣ ዸ ያለበት ይግባ፣ ሁዻ በሁለቱም ምልክት ይግባ፣ 60 ባይት የሚያልፍ ስምም ይግባ። አበበ ብቻ ያለበት ቴስት ያ «ዝለለው» እያለም ያልፍ ነበር።

ፋይል መመለሱ ላይ ግን አልተስማማንም። ያልተነበበው ለብቻው ይቀመጥ ነው የምለው።

ከኮዬ ፈጬ፦

ዸ ያለባቸውን ስሞች እርስዎ ይላኩልኝ፣ ከሰፈርዎ።

ያልተነበበውም ይቀመጥ፣ ዋናው ቅጂ ሳይነካ። ግን ከማቆያው የሚወጣ አንድም መስመር ሰው ሳያየው መዝገብ አይገባም፣ ጸሐፊውም ፋይሉ እንዳልገባ በዚያው ቀን ይነገረዋል። ስልክ የሚደውሉለት እርስዎ ነዎት።