ጋሼ፣ ውሃ መከልከል እንቅልፍ አያመጣም

«ስኳር ያለበት ሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ውሃ ካልቀመሰ ሌሊት ለሽንት አይነሳም» ላሉት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ነገሩ ተገልብጧል። የደም ስኳር በግምት ከ180 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ሲያልፍ ኩላሊት ትርፉን ወደ ሽንት ይለቀዋል፤ ስኳሩም ውሃ ይዞ ይወጣል። የሚጠማዎት ሽንቱ ስለበዛ ነው። በባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት፣ ጣና አጠገብ ተቀምጦ ጉሮሮ እስኪደርቅ መጠማት ስኳሩን ያባብሰዋል። (ሐኪም ውሃ የመጠነላቸው የልብና የኩላሊት ሕሙማን ጉዳይ ሌላ ነው።) ይልቅ ማታ ማታ ስኳርዎን ይለኩና ቁጥሩን ለሐኪምዎ ያሳዩ። የሚያሸና ኪኒን ካለዎት ጠዋት መውሰድ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። የማታዋን በረካ ቢተዋትም አልቃወምም።

ላብ አጥምቆዎት፣ ልብዎ እየደለቀ ከነቁ ግን ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ይለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይጠጡ።